በመሐረብ የመጣው ፕሮሰሰር

ትዕግሥት አልፈጠረብኝም። መገናኛ የታክሲ ሰልፍ ላይ ከፊቴ የቆመውን ሰው ጀርባ በዓይኔ የምገፋ ሴት ነኝ። ይህን የሚያውቁ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ አንድ ኮምፒውተር ለመገጣጠም ስምንት ወር ሙሉ ዕቃ ስመርጥ እንደከረምኩ ብነግራቸው አያምኑኝም። እኔ ግን ያ ስምንት ወር እንዳያልቅብኝ እሳሳ ነበር።

ኮምፒውተሩ የጨዋታ ነው። ይህን ስናገር ድሮ እሽኮረመም ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ። ሠላሳን የተሻገርኩ፣ ጉርድ ሾላ አንድ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ፋይል የማገላብጥ ሰው ነኝ። ጠዋት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ቁልቁል፣ ማታ ደግሞ ሽቅብ፣ በሰው ክርንና በሰው ቦርሳ መካከል ተጣብቄ እመላለሳለሁ። ጨዋታው ውስጥ ግን መሪ የምይዘው እኔ ነኝ። የተራራ መንገድ ላይ የመኪና ውድድር እወዳለሁ፤ ጠመዝማዛው በበዛ ቁጥር ደስ ይለኛል። ወንድሜ «መንጃ ፈቃድ የሌላት ሹፌር» ይለኛል። ይበለኝ። ብቻ በአሮጌው ላፕቶፔ ላይ መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ይደርቅና፣ ሲነቃ ገደል ውስጥ ነኝ። ስንቴ ገደል እንደገባሁ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው።

የራሴን ልገጣጥም የወሰንኩት ከነዚያ ገደሎች በአንዱ ውስጥ ሆኜ ነው። ዕቃዎቹን ማጥናት ስጀምር በጣም የገረመኝ ነገር ቢኖር አንዱ ለሌላው የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን ይስላል። ሥዕሉን እንዲስል ሥራ የሚያቀብለው ፕሮሰሰሩ ነው። ፕሮሰሰሩ ቀርፋፋ ከሆነ ያ ሁሉ ጎበዝ ካርድ እጁን አጣጥፎ ሲጠብቅ ይውላል፤ ካርዱ ደካማ ከሆነ ደግሞ የፕሮሰሰሩ ፍጥነት ለማንም አይጠቅምም። ሁለቱንም የሚያገናኘው ማዘርቦርድ የሚሰካበትን ይመርጣል፤ ያልተስማማውን አይቀበልም። ስለዚህ አንዱን በቀየርኩ ቁጥር የጻፍኩትን ዝርዝር ሁሉ ሰርዤ ከላይ እጀምራለሁ። ቢሮ ውስጥ እንዲህ ተጠንቅቄ የሠራሁት ፋይል አንድም የለም፤ አለቃዬ ይህን አያነብም ብዬ ነው የምጽፈው።

ከሁሉ በላይ የደከምኩበት ማንም ዞር ብሎ የማያየው ፓወር ሰፕላይ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ አይሰናበትም፤ ሲመጣም አንኳኩቶ አይገባም። የጎረቤታችን ፍሪጅ የተቃጠለው መብራቱ ድንገት ሲመጣ ነው። ስለዚህ ኤሌክትሪኩን ተቀብሎ ለሌሎቹ በልክ የሚያካፍለው ዕቃ ርካሽ እንዳይሆን ማልኩ። መገናኛ አንድ ሱቅ ውስጥ አገኘሁት፤ ሻጩ «እህት፣ ይሄ እኮ አይታይም፤ ባለ ብዙ ቀለም መብራት ያለው ይሻልሻል» እያለ ሊያስቀይረኝ ሞከረ። የማይታየውን ነው የፈለግኩት አልኩት። ኬዙን፣ ማለትም ሁሉንም የሚይዘውን ሳጥን፣ ማዘርቦርዱንና ሌላውንም ትናንሽ ነገር እዚያው ጨረስኩ።

ግራፊክስ ካርዱን ሲ.ኤም.ሲ. ከሚኖር ሰው ነው የገዛሁት፤ ትንሽ ተጠቅሞበታል። ቤቱ ሄጄ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ ካላየሁ አልገዛም ብዬ ቁጭ አልኩ። ሰውየው መጀመሪያ ቅር አለው፤ በኋላ አብረን መጫወት ጀመርን፤ ሁለቴ አሸነፍኩት። እናቱ ምሳ አብልታ ሸኘችኝ።

የቀረኝ ፕሮሰሰሩ ነበር። የመረጥኩት ዓይነት እዚህ ጠፋ። አለ የሚሉኝ ሱቆች ስደርስ «ትናንት አለቀ» ይሉኛል። እንግዲህ በሰው ማስመጣት ግድ ሆነ፤ በሰው ከሆነ ደግሞ በእቴቴ ነው።

እቴቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። የዕድሜዋን ግማሽ የቀሚስ ጥልፍ ስትሠራ ኖራ፣ ዓይኗ ሲደክም መርፌውን አስቀመጠችና ሾላ ገበያ ውስጥ የሕፃናት ልብስ ሱቅ ከፈተች። ልብሱን ለማምጣት በዓመት ሁለት ሦስቴ ዱባይ ትመላለሳለች። ልትሄድ ነው ከተባለ የሰፈሩ ሰው በየተራ በሯን ያንኳኳል። ለአንዱ የስኳር መለኪያ፣ ለአንዷ የሙሽራ ጫማ፣ ለጎረቤታችን ለሐጂ የጆሮ መስሚያ ታመጣለች። በዚህ ሁሉ ዓመት የጠፋ የለም፤ የተሰበረ የለም፤ የተቀየረ የለም። ሌላ ሰው በሀብቱ ወይም በልጆቹ ይኮራል፤ የእሷ ኩራት ይህ ነው። «አደራ ከልጅ ይከብዳል፤ ልጅ ቢያጠፋ የራስሽ ነው» ትላለች።

አደራ ስታስረክብም የራሷ ሥርዓት አላት። የባለዕቃው ቤት ስትደርስ አትቀመጥም። ደክሟት እግሯ ቢያብጥም አትቀመጥም፤ ውሃም አትቀምስም። ቆማ ዕቃውን በሁለት እጇ ትዘረጋና «አይተህ ተረከብ» ትላለች። ባለዕቃው ፈትቶ፣ አገላብጦ አይቶ «ተረክቤያለሁ» ማለት አለበት። ሳያይ ቢላት አትቀበለውም። ያን ቃል ከሰማች በኋላ ነው ወንበር የምትስበው። ልጅ ሆነን ይህን እየተጫወትንበት እንስቅ ነበር፤ አንዳችን ድንጋይ ይዘን እንቆምና ሌላው «ተረክቤያለሁ» ካላለ አንቀመጥም።

ፕሮሰሰሩን እንድታመጣልኝ ስጠይቃት ለጨዋታ ነው ማለት አፍሬ፣ ለሥራም ለሌላም ብዬ ተንተባተብኩ። አቋረጠችኝ። ለምን እንደሚሆንሽ አልጠየቅኩሽም፣ ሐጂንም በመስሚያው ምን ሊሰሙበት ነው አላልኳቸውም አለችኝ። የዕቃውን ስም በትልልቅ ፊደል ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፤ ፎቶውንም በስልኳ ላክሁላት።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ከአውሮፕላን ማረፊያ ቀጥታ እኔ ቤት መጣች። ሻንጣዋን ገና ቤቷ አላደረሰችም። አቀፍኳት፤ ወንበር ሳብኩላት፤ አየችውና ተወችው። ጀርባዋን ሰጥታኝ ከደረቷ ውስጥ ነጭ መሐረብ አወጣች፤ ጫፉ ላይ ጥብቅ ብሎ ተቋጥሯል። ካርቶኑስ አልኳት። በኩራት ነገረችኝ፦ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሻንጣ ሲወረወር በዓይኗ አይታለች፤ ይህን የምታህል ውድ ነገር በሻንጣ አታምንም፤ ሱቁ የሰጣት ካርቶን ደግሞ አሥር እጥፍ ያክላል፤ የተሸፈነባት ፕላስቲክ ጠርዙ ቆረቆራት። ስለዚህ አውጥታ፣ ልስልስ ባለ መሐረብ ቋጥራ፣ ወርቅና ገንዘብ በምትይዝበት ቦታ ያዘቻት። እንዳትጫናት ብላ መንገዱን ሁሉ አልተኛችም፤ ወደ ጎንም ዘንበል አላለችም።

ፕሮሰሰር ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ ስስ ነገር ናት። የዚህችኛዋ ሆድ ላይ ግን ከሺህ በላይ ፀጉር የሚያካክሉ የወርቅ ቀለም እሾሆች በረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዷ ማዘርቦርዱ ላይ የራሷ ቀዳዳ አላት። አንዷ ከጎበጠች ሁሉም አይገቡም። በሁለት እጇ ዘረጋችልኝ፤ ቋጠሮውን ፈታሁት። አንደኛው ጥግ ላይ ያሉት እሾሆች በረዶ እንደመታው ገብስ ተኝተዋል።

እቴቴ ከፊቴ ቆማለች። ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፤ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቃሌን ትጠብቃለች። ያን ሁሉ ዓመት አንድም ነገር ያላበላሸች ሴት፣ ከሁሉ አብልጣ የተጠነቀቀችለትን ዕቃ፣ በጥንቃቄዋ አበላሽታዋለች። ልናገር አፌን ከፈትኩ። ብነግራት ከዚያች ቀን ጀምሮ የማንንም አደራ እንደማትቀበል አውቃለሁ። ሐጂ አዲስ መስሚያ ሲፈልጉ፣ የሰፈሩ ሰው በሯን ሲያንኳኳ፣ አልችልም ትላለች፤ ምክንያቱንም ለሁሉም በግልጽ ትናገራለች።

«ተረክቤያለሁ» አልኩ።

እፎይ ብላ ተቀመጠች። ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣች፤ ምሳ በላች፤ ሳቀች። እኔ ምሳውን እንዴት እንደዋጥኩት አላስታውስም። ስትወጣ መሐረቧን አጥቤ እንደምመልስላት ነገርኳት።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ዕቃውን መገናኛ አንድ የኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ወሰድኩት። በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አየና ከንፈሩን መጠጠ። ብነካው ሁለቱ እሾሆች ይሰበራሉ፣ ኃላፊነት አልወስድም አለኝ፤ ሌላ ግዢ ብሎም መከረኝ። ሌላ መግዛት እንደምችል አድርጎ ሲመክረኝ ብስጭቴ አናቴ ላይ ወጣ። ቤቴ ገብቼ ራሴ በምላጭ ጫፍ ልሞክር አልኩ። አንዷን ቀና ሳደርግ ጎረቤቷን አስተኛኋት፤ ጠቅልዬ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ያን ዕለት ለኮምፒውተሩ አለቀስኩ፤ ከኮምፒውተሩም ይልቅ እቴቴን ስለዋሸኋት።

መሐረቡን አጥቤ፣ ተኩሼ፣ በሳምንቱ ሾላ ወሰድኩላት። ሱቋ በር ላይ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው፤ አጠፈችና ኪሷ ከተተች። ዕቃው ሠራ ወይ አለችኝ። ኬዙ ገና አልደረሰልኝም አልኳት። ኬዙ እኮ መኝታ ክፍሌ ውስጥ ልብስ ማስቀመጫ ሆኖ ተቀምጧል።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። እቴቴ አንድ ቀን ከሾላ ጎመን ይዛልኝ መጣችና በሩ ጋ ቆማ እንዴት ሆነ አለችኝ። ገመድ ጎደለኝ አልኳት። ግቢ፣ አረፍ በይ ብላት ታክሲ ያመልጠኛል ብላ ሄደች። በሌላ ቀንም መጣች፤ ያኔም ቆማ አወራችኝ። መብራት ሄዶብን ነው አልኳት፤ አምፖሉ ከጭንቅላታችን በላይ እየበራ ነበር። ቀና ብላ አየችውና ደህና ዋዪ ብላኝ ሄደች።

በሦስተኛው ሳምንት እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገባች። በእጇ አሮጌ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛለች። በልጅነቴ ነው የማውቀው፤ የጥልፍ መርፌዎቿ የሚቀመጡበት ነው። ነጠላዋን አውልቃ አልጋዬ ላይ አኖረችና መሐረቧን ከኪሷ አወጣች።

«መሐረቤን አየሁት» አለችኝ። «አንድ ጥግ ላይ ብቻ ክሩ ተስቧል። ክር የሳበ ነገር ራሱ ቀጥ ብሎ አይቀርም። አምጪው።»

ከዚህ በኋላ መዋሸት አልቻልኩም። እንባዬ ቀደመኝ።

«ስምሽ እንዳይበላሽ ብዬ ነው እቴቴ።»

«ስሜን በውሸት ነው የምትጠብቂልኝ?»

ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። መስኮቱ ጋ ሄደች፤ የመስኮቱ መደብ ላይ መሐረቡን ዘርግታ ዕቃውን እሾሁን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ወንበር ሳመጣላት ቆሜ ነው የሚሻለኝ አለችኝ። መነጽሯን አደረገች፤ ከቆርቆሮው ውስጥ መርፌ አንድ በአንድ እያወጣች ከእሾሁ ጋር አስተያየች፤ አምስተኛውን ያዘች። በስልኬ ካሜራ ላጉላልሽ ብላት ክር በስልክ አልቆጠርኩም አለች።

የሚደንቀው መርፌውን የያዘችው ገልብጣ መሆኑ ነው። በጫፉ አልነካችም። ጫፍ ይወጋል እንጂ አያቃናም አለችኝ። የመርፌውን ዓይን የጎበጠችው እሾህ ላይ ታጠልቅና፣ እስትንፋሷን ይዛ፣ ትንሽ ቀና ታደርጋለች። ትንሽ ብቻ። ቀጥ ሳታደርጋት ትተዋትና ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ረድፉን ከጨረሰች በኋላ ተመልሳ ከመጀመሪያው ትጀምራለች። በአንዴ ያቃናሽው ይበጠሳል፤ ልብ እንዲገዛ ጊዜ ስጪው ትላለች። በየመሐሉ ጎንበስ ብላ ዓይኗን ከመደቡ እኩል አድርጋ ረድፉን ከጎን ታየዋለች። የቀሚስ ጥልፍ መስመሩን መሳቱን የምታይበት መንገድ ነበር ይሄ። ሠላሳ ዓመት ጥልፍ ላይ የተማረችው እጅ እኔ ስምንት ወር አንብቤ የማላውቀውን ያውቃል። እዚያው ቆሜ፣ እንደ እሷ ያለ እጅ ያለው ሰው ኢንጂነር ቢሆን ምን ይሠራ ነበር ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ደግሞ በሐሳቤ አፈርኩ፤ የምትሠራውን እየሠራች አይደል።

ሁለት ሰዓት ያህል ቆመች። በመጨረሻ መነጽሯን አወለቀችና ሞክሪው አለችኝ።

ፕሮሰሰር ተጭኖ አይገባም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ትንሽ ዘንግ ከፍ ታደርጊያለሽ፣ ጥጉ ላይ ያለውን ምልክት ከማዘርቦርዱ ምልክት ጋር ታገናኚያለሽ፣ ከዚያ ዝም ብለሽ ታስቀምጪዋለሽ፤ ሁሉም ቀና ከሆኑ በራሱ ክብደት ይወርዳል። አስቀመጥኩት። አልወረደም። ልጫነው እጄ ሲሄድ እቴቴ በጣቷ መታችኝ። ወስዳ ከጎን አየችው፤ አንዲት የጎበጠች አገኘች፤ በመርፌው ዓይን ነካ አደረገቻት። ደግሜ አስቀመጥኩት። ድምፅ ሳያሰማ ወረደ።

የቀረው የእኔ ሥራ ነበር። ለሦስት ሳምንት ያደረ እልህ ስለነበረብኝ ፈጠንኩ። ልብሴን ከኬዙ አወጣሁ፤ ሙቀት የሚያስተላልፈውን ቅባት ቀባሁ፤ ማቀዝቀዣውን አሰርኩ፤ ካርዱን ሰካሁ፤ ገመዱን ሁሉ አገናኘሁ። እቴቴ ይህ ምንድን ነው፣ ያስ እያለች ትጠይቀኝ ነበር። ፓወር ሰፕላዩን ሳሳያት የገረማት እሱ ነው፤ የማይታይ ነገር ላይ መጠንቀቁን ከማን ወረስሽው አለችኝ። ጣቴን ማብሪያው ላይ ሳደርግ መብራት ሄደ።

እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ የዛን ዕለት ያልኩትን አልጽፈውም። እቴቴ ሳቀችና ወደ ግቢ ወጣች። ወንበር አወጣሁላት፤ መደገፊያውን በእጇ ይዛ ቆመች። ዝናቡ ገና አባርቶ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭጋግ ለብሷል። ስለ ሱቋ አወራችኝ፤ ስለ ሐጂ ጆሮ አወራችኝ። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ። ከታች ሰፈር «መጣ!» የሚል የልጆች ጩኸት ሲሰማ ልሮጥ ተነሳሁ። ከዚያ የጎረቤቴ ፍሪጅ ትዝ አለኝና እስኪረጋ ትንሽ እንጠብቅ አልኳት። እኔ፣ እንጠብቅ ስል።

ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያዎቹ ዞሩ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቆየ፤ ቆየ፤ ከዚያ ነጫጭ ፊደላት ወጡ። የፕሮሰሰሩ ስም በመጀመሪያው መስመር ላይ ተጽፏል፤ ወረቀት ላይ በትልልቅ ፊደል የጻፍኩላት ስም ነው። እቴቴ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች፤ እስካሁን ይዛዋለች። አንድ በአንድ፣ ፊደል በፊደል፣ ከስክሪኑ ጋር አመሳከረችው።

ከዚያ ሁለት እጇን ኬዙ ላይ አሳረፈች።

«አይተሽ ተረከቢ።»

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። ፊቷን ሳይ ተውኩት። ኬዙን ዞሬ አየሁት፤ ስክሪኑን አየሁት፤ የእሷን እጆች አየሁ።

«ተረክቤያለሁ» አልኩ።

ወንበሩን ሳበችና ተቀመጠች። መሐረቡን ከመለስኩላት ቀን ወዲህ ቤቴ ስትመጣ አንዴም እንዳልተቀመጠች የገባኝ ያኔ ነው።

«በይ አሁን ውሃ ስጪኝ» አለችኝ።